አንለይ ያውቃል

ጥቅምት ነው፤ ደብረ ማርቆስ፤ ሣሩ ውርጭ ለብሷል፤
ታብሌቱን ስከፍተው ጣቴ ደንዝዟል።
ጋሽ አንለይ ቀድሞኛል፤ ከውኃ ማማው ሥር ቆሟል፤
የቱቦ መፍቻውን ትከሻው ለምዶታል።

«ምን አለሽ ማሽንሽ?» አለኝ አንጋጦ፣
ባዶው ሰማይ ላይ ዓይኑን አፍጥጦ።
«ሰባት ሳተላይት አለኝ፤ ስምንተኛው ሲመጣ
የቆምንበት ነጥብ ልቅም ብሎ ሊወጣ።»
«እኔስ» አለ «ስምንት ምስክር ሳልጠራ ከሰማይ
ቧንቧው ያለበትን አሳይሻለሁ፣ ነይ።»

ግራ እግሩን እየጎተተ ሄደ፤ አንድ ክንድ ቆፈረ፤
ብረቱ ከቀይ አፈር ውስጥ እንደ ጅማት ተገተረ።
ሞላሁ፦ ዓይነቱን፣ ስፋቱን፣ የተቀበረበትን ዓመት፣
ጥልቀቱን፣ የመዝጊያውን ቁጥር፣ መቼ እንደ ጠገኑት።
ውኃውን በሰማያዊ፣ መብራቱን በቀይ አሠመርኩ፤
ፍሳሹን በቡኒ ከኋላ አስከተልኩ።

ከሥራ ተቋራጩ የቀረ አንድ ፕላን ነበረን፤
ሻይ የፈሰሰበት፤ አይጥ የቀመሰው ጠርዙን።
ከማማው እስከ ሴቶቹ ማደሪያ፣
ቀጥ ያለ፣ በማስመሪያ።
ቆፈርን፤ የለም።
ፈቀቅ ብለን ደገምን፤ የለም።
ጋሽ አንለይ አካፋው ላይ ተደግፎ ሳቀ።

«ቀጥ ያለው ወረቀቱ ነው፤ ቧንቧውማ ይዞራል።
እዚህ ሾላ ነበረ። የቦታው ባለቤት አቶ ተሻገር
አባቴ የተዳኘበት ጥላ ነው፣ ሥሩን አትንኩብኝ ብሎ ቢለምን
ዞርንለት።
ሾላው በሦስተኛው ዓመት ለካፍቴሪያው ተቆረጠ።
ቧንቧው ግን አልሰማም፤
ይኸው እስከ ዛሬ ለሌለ ዛፍ መንገድ እንደ ለቀቀ ነው።»

እኔም መስመሩን በጣቴ አጎበጥኩት፤
ለሌለው ሾላ ቦታ ለቀቅኩለት።

አንዳንዱን መዝጊያ ግን «እንዲህ በአፍ አይሆንም፤
መሬቱን እግሬ ካልረገጠው አላስታውሰውም» ይለኛል።
ቀኑ ይመሻል፤ የታብሌቱ ኃይል ይደክማል።
«አስተያየት» በሚለው ባዶ ሣጥን እጽፋለሁ፦ አንለይ ያውቃል።
ዐሥራ አራት ቦታ፦ አንለይ ያውቃል።

ሰኔ ላይ ጡረታ ወጣ። ጋቢ አለበሱት፤ ጭብጨባም ነበረ።
ፍኖተ ሰላም ልጁ ዘንድ ገባ፤ መፍቻው መጋዘን ቀረ፣
የንብረት ቁጥር ተለጥፎበት።

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከጮቄ ወርዶ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዘበኛው ይስማው ደወለ፦
«እህቴ፣ ውኃው ጀኔሬተሩን ሊበላው ነው!»
ካርታውን ከፈትኩ። መዝጊያ ሠላሳ አንድ፤
ከግንቡ ጥግ ዐሥራ አንድ ሜትር።
እዚያው ነበር። ዘጋሁት።
ውኃው ቀነሰ እንጂ አልቆመም፤
ከሌላ ወገን የሚመግበው አለ።
ሰማያዊውን መስመር ነካሁ፤ ሣጥኑ ተከፈተ፦
አንለይ ያውቃል።

ስልኩ ሦስቴ ጠራ። እንቅልፍ በያዘው ድምፅ፦
«ከካፍቴሪያው ጀርባ ቁሚ፤ ሾላው ከነበረበት።
ፊትሽን ወደ ማማው፤ ዐሥራ ስድስት እርምጃ።
የእኔን ነው ታዲያ፣ የአንቺን እንዳይሆን።»

በዚያ ዶፍ፣ ይስማው ባትሪ እያበራልኝ፣
ግራ እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ፤
ምን ነካት ብሎ ያየኛል።
በዐሥራ ስድስተኛው፣ ከጭቃው በታች፣
ክዳኑ ቃ! አለ ከጫማዬ ሥር።

ውኃው ዝም ሲል
ስልኩ ለካ አልተዘጋም።
«ስምንተኛው መጣልሽ ወይ?» አለኝ።
ስክሪኑን በእጅጌዬ ጠረግኩት፤
በዚያ ደመና አምስት ብቻ ናቸው።

ነጥቡን ወሰድኩ። ቁጥሩን፣ ጥልቀቱን ሞላሁ።
ከአስተያየቱ ሣጥን ስደርስ ጣቴ ቆመ፤
«ይሰረዝ?» ይላል ማሽኑ፣ በትሕትና።

ዐሥራ ሦስት ይቀሩኛል።
ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ፍኖተ ሰላም እወርዳለሁ።
መፍቻውን ከመጋዘን በፊርማ አውጥቻለሁ፤
ባዶ እጄን አልሄድም።